መሬት ያልነካው ቃሬዛ

ዓመቱን ይህ ነው ብዬ ብነግርህ እዋሽሃለሁ፣ ልጄ። ጤፍ የሚዘራበት ወቅት እንደ ነበረ፣ ሐይቁም ሞልቶ ማሳችን ጠርዝ ድረስ መጥቶ እንደ ነበረ ግን አልረሳም። ባለፈው ሰሞን ዘንዘልማ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ሰው እርጥብ ደንገል በባጃጅ ጭኖ በፊቴ አለፈ። ያ ሽታ፣ አዲስ የታጨደ ሣር ይልና ከሥሩ ጭቃ ጭቃ የሚለው፣ አፍንጫዬን ሲመታው ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የመጣው ሚኒባስም ሳልሳፈርበት ሄደ።

ያኔ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ሚስቴን ምጥ ከያዛት በሦስተኛው ቀን ጧት የልምድ አዋላጇ ከጓዳ ወጡና እጃቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። መንገድ ይሻላታል» አሉ። መንገድ ማለት ሐሙሲት ነው፤ ከዚያ ያገኙትን አውቶቡስ አስቁሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል መድረስ ነው። ከኛ መንደር ሐሙሲት በበጋ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በክረምት ጥቁሩ አፈር እግር ይዞ አይለቅም።

በመንደራችን የቃሬዛ ማኅበር ነበር። ማኅበር ስልህ ጽሕፈት ቤት ያለው እንዳይመስልህ። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት፣ በመካከላቸው በጠፍር የተሠራ አልጋ፣ እሱን የሚሸከሙ ወንዶች፣ ይኸው ነው። አንድ ሰው ጉብታው ላይ ወጥቶ «ቃሬዛ! ኧረ ቃሬዛ!» ብሎ ሲጣራ ሁሉም የያዘውን ይጥላል። በዚያን ዕለት አንዱ በሬዎቹን እንደ ጠመዳቸው ማሳው ውስጥ ትቷቸው መጣ። ሌላው ዘር ሲዘራ ነው የሰማው፤ በእፍኙ የቀረውን ጤፍ ኪሱ ውስጥ ጨምሮ ከእንጨቱ ሥር ገባ። ማንም ምን አገኛለሁ አላለም።

ማኅበሩ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ሕመምተኛ የያዘ ቃሬዛ ሐሙሲት እስኪደርስ መሬት አይነካም። በየመንገዱ የሚያርፈው አስከሬን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ እያሳረፉ ፍትሐት ያደርጉለታል። በሕይወት ያለውን ሰው መሬት ካስነኩት ቆጠራው ተጀመረ ማለት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ የደከመው «ተቀበለኝ!» ይላል፤ ሌላው ጉዞው ሳይቆም ትከሻውን ይተካል።

የባል ሥራ መከተል ነው። እኔም ልሸከም ብል የማኅበሩ አለቃ፣ «አንተ ሙሽራው ጫማዋን ያዝ» አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁብኝ። የሚስቴን ኮንጎ ጫማ በእጄ ይዤ፣ ከእናቷ፣ ከአማቴ ጎን እየተራመድሁ ተከተልሁ። ካፊያ ነበር። በተራመዱ ቁጥር የቃሬዛው ጠፍር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እሷ ስታቃስት ደግሞ ጠፍሩን እንኳ አልሰማውም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቶ ጠበቀን። ዳሩ ላይ አንድ ታንኳ ሠሪ ለታንኳው ደንገል ያጭዳል። ከሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ሙስሊሞች አንዱ ነው፤ ገበያ ላይ ከሰላምታ በቀር ብዙም አንነጋገርም ነበር። ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀንም። ማጭዱን ጣለ፣ ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አሰረ፣ ቃሬዛውን በላያቸው አጋድመን አሻገረን። ይመለሳል ስንል ሱሪውን ሰብስቦ፣ «ከዚህ ወዲያ ያለውን ረግረግ እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ ከፊት ከፊት ሄደ።

ረግረጉ መካከል ከፊት በግራ በኩል የያዘው ሰው «ተቀበለኝ!» ሲል እኔ ጫማውን ጥዬ ገባሁ። ማን ፈቀደልህ በለኝ። ማንም። የእሷን ድምፅ እየሰማሁ ጫማ ብቻ ይዤ መሄድ አቃተኝ። በኔ ትከሻ ላይ ስትሆን የምትድን መሰለኝ።

አሥር እርምጃ አልሄድሁም። ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ፤ እሱን ስስብ ግራው ከዳኝና ቃሬዛው በኔ በኩል አዘነበለ።

«መሬት! መሬት!» ብለው ጮኹ። አማቴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። በገዛ ትከሻዬ ገደልኋት አልሁ በልቤ።

ዓይኔን ስገልጥ ቃሬዛው እንዳለ ነው። ታንኳ ሠሪው በእጁና በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ጀርባውን ከሥሩ ዘርግቶለታል። አገጩ ውሃ ነክቷል።

«ቻልኸው ወይ፣ ወንድሜ?» አሉት አለቃው።

«እሱስ ቀላል ነው። ቶሎ በሉልኝ እንጂ፣ አልቅት ሱሪዬ ውስጥ ገብቷል!»

ከላይ የሚስቴ ድምፅ መጣ። «ሊጥለኝ የነበረው ማነው?»

«ባልሽ ነው» አሏት።

«ወይ እሱ! እኔ ልውረድና እሱን አስተኙት!»

አማቴ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። እኔን ሁለት ሰዎች ይዘው ከጭቃው ነቀሉኝ፤ ቦታዬን ሌላ ሰው ያዘ፤ ቃሬዛውም ከታንኳ ሠሪው ጀርባ ላይ ተነሣ። እሱም ጭቃውን እንኳ ሳይታጠብ «ተቀበልሁ» ብሎ ገባ፤ ሐሙሲት እስክንደርስ ከትከሻው አልወረደም። ያ ኮንጎ ጫማ እስከ ዛሬ እዚያው ረግረግ ውስጥ ነው።

ሐሙሲት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ «ወጉ የኛ ነው፣ ያንተ አይደለም። በምን አሰብኸው?» አልሁት።

«እናትየዋን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ሲያደርጉ አየኋቸው» አለኝ። ሻዩን ጠጣ፣ ታንኳዎቼን ውሃ እንዳይወስዳቸው ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። እናትና ልጅ ደኅና ሆነው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ «ኧረ ቃሬዛ!» በተባለ ቁጥር ከሐይቁ በኩል አንድ ሰው ሲሮጥ ይታይ ጀመር። በጾሙ ወር፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ በዚያ ፀሐይ ተሸክሞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅበርተኛው ሲጋበዝ ለሱ ጠቦቱን በገዛ እጁ እንዲያርድ ለብቻ ይሰጡታል፤ መቀመጫውም ከአለቃው ቀጥሎ ነበር። እኔንም በኋላ ሸክም አስተማረኝ። «በእግርህ ጣት ጭቃውን ጠይቀው፣ ከዚያ ርገጥ» ይለኝ ነበር። ስንቱን ከሱ ጋር እንዳደረስሁ አልቆጠርሁትም።

ዛሬ መንገዱ ተጠርጎ አምቡላንስ በር ድረስ ይመጣል። ዘንድሮ ጥር ላይ ቀበሌው የድሮ ተሸካሚዎችን ላመሰግን ብሎ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበን። የቀረነው ሦስት ነን። ጋቢ አለበሱን፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበልን፤ ኩራቱ ደረቴን ሞላው፣ አልዋሽህም። ከዚያ ወጣቷ የጤና ሠራተኛ ማይኩን ሰጠችኝና፣ «አባባ፣ ካለፉት ውስጥ ማንን እናስብ? እርስዎ ይጥሩልን» አለችኝ።

ብዙ ስም ነበረ። እኔ ግን የመጀመሪያውን መጥራት አቃተኝ።

«በል እንጂ!» አለች ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል። «ምን ይገትርሃል? ሚስቱ ይቻት አጠገቤ፣ እየጠበቀችህ ነው!»

ማይኩን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«እንድሪስ» አልሁ።