የኦቦ ጃራ ዓሦችና የኦቦ ገርባ ላሞች

ኦቦ ጃራ መሬታቸውን ያጡት በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ የላይኛው እርሻ ለፋብሪካ ተሰጠ፤ ቀጥሎ መሃሉ ለፋብሪካው መኪና ማቆሚያ ተፈለገ። የቀራቸው ወንዙ ዳር ያለው ረግረግ ብቻ ሲሆን እሱን የፈለገ አልነበረም። የዓሣ ኩሬ ያስቆፈሩት እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። «ይሄም ከሄደ እንዳንተ ተከራይ መሆኔ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በየቀኑ በሚኒባስ አዲስ አበባ ሠርቼ ወደ ሰበታ የምመለስ ሰው ነኝ። ንግግሩ ደስ ባይለኝም ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ዝም እላለሁ።

ኩሬውን ያስጀመረቻቸው ቢታንያ የምትባል ወጣት የዓሣ ባለሙያ ናት። በዓለም ላይ ከሚበላው ዓሣ ግማሽ ያህሉ አሁን የሚመጣው ከባሕርና ከሐይቅ ተጠምዶ ሳይሆን ከእርባታ እንደሆነ፣ ወደፊትም የሚያድገው ይሄው እንደሆነ ስልጠና ላይ ነገረቻቸው። ኦቦ ጃራ እጃቸውን አውጥተው «ለመሆኑ ማን ነው የሚበላው?» ብለው ጠየቁ። የእኛ አካባቢ ገበሬ ዓሣን የሚያየው የእባብ ዘመድ አድርጎ ነውና ጥያቄው ከልባቸው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው በጾም ይበላዋል አለቻቸው። ከዚያ ሁለት ትእዛዝ ሰጠች። ከብት ዳርቻውን እንዳይረግጠው ኩሬው ይታጠር፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ደግሞ እንደ ጉድ ስለሚባዛ ወንድ ወንዱ ብቻ ይግባ። ውሃ የሚችለው ልክ አለው፣ ከልኩ ካለፈ ሁሉም አብሮ ያልቃል አለች።

ኦቦ ጃራ አጥሩን አጠሩ። ሁለተኛውን ትእዛዝ ግን ሃምሳ ዓመት ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ሊቀበሉት አልቻሉም። «ኮርማ ብቻ ያለበት በረት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ቆቃ ድረስ ሄደው፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሠላሳ ሴት ቆሮሶ በጀሪካን ተቀብለው፣ አውቶቡስ ውስጥ እግራቸው መሃል አስቀምጠው መጡ። ለቢታንያ አልነገሯትም። በዓመቱ ኩሬው ጣት በሚያካክሉ ዓሦች ጢም ብሎ ሞላ። እሳቸው ዳር ቆመው «መንጋዬ» ይላሉ። ትንንሽ መሆናቸው አላሳሰባቸውም፣ ብዛቱን ነው የሚያዩት።

አጥሩም የራሱን ጣጣ አመጣ። የጎረቤታቸው የኦቦ ገርባ ላሞች ወደ ወንዙ የሚወርዱት በዚያ በኩል ነበር። ሽቦው ሲወጠር በፋብሪካው ግንብ ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ኦቦ ገርባ መጀመሪያ ለመኑ፣ ከዚያ ሽማግሌ ላኩ፣ ከዚያ ተቆጡ፣ በመጨረሻም አኮረፉ። ሁለቱ በአንድ እድርና በአንድ የማርያም ማኅበር ያሉ ሰዎች ስለሆኑ መራራቅ አልተቻለም፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «ኦቦ ጃራ ጨዉን እንዲያቀብሉኝ ንገርልኝ» ይላሉ ኦቦ ገርባ፣ ጨዉ በመካከላቸው ተቀምጦ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ የእኔው አከራይ ግን ይብሳሉ።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የማስተር ፕላኑ ነገር ፈነዳ። አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው ተብሎ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ የጅማ መንገድ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። እኔ ሥራ መሄድ ቀረልኝ። ለዓሦቹ ቀለብ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚያመጣው ኢሱዙም ቀረ። በዚያ ሰሞን በሽቦ የታጠረ ነገር ሁሉ የባለሀብት ንብረት ይመስል ነበር፤ የኦቦ ገርባ ልጅ ዲሪባም የኩሬውን አጥር እነቅለዋለሁ እያለ ሲዝት ሰምተናል።

ዓሦቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማለዳ ማለዳ አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ማለክለክ ጀመሩ። ጥቂቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ኦቦ ጃራ ለቢታንያ ደወሉና የሴቶቹን ነገር ያን ጊዜ ተናዘዙ።

«ኦቦ ጃራ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ አብዛኛውን ያውጡት» አለች ልጅቷ። «አለዚያ በሳምንት ውስጥ አንድም አይተርፍዎትም።»

«አውጥቼ ለማን ልስጠው? ገበያው ከድንጋዩ ወዲያ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ዲሪባ አስፋልቱ ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የክፍሌን ቁልፍ በነፃ የሠራልኝ እሱ ነው። አዘንኩ፣ አሁንም ሳስበው አዝናለሁ።

ለቅሶ የተጣላም ይደርሳል። ኦቦ ጃራ ሄደው ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። ወቅቱ የገና ጾም ነው፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ ምስርና ሽሮ ከሰፈሩ እያለቀ ነው፣ ለቀስተኛው ደግሞ ከመቶ በላይ ነው። ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው አደ ወርቅቱ «ለማን ልስጠው ስትል አልነበር?» አሏቸው።

በማግሥቱ ሦስታችን መረብ ስንጎትት ዋልን። ለሠልስቱ በኑግ ዘይት ጠብሰን አምስት ሰፌድ ሙሉ ይዘን ሄድን። ሰው ሰፌዱን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ። ጾም ይሽር እንደሆነ ቄሱ ተጠየቁ። መጽሐፍ ሳላይ አልመልስም አሉ፤ መጽሐፉ ቤታቸው ስለነበር ነገሩ ሳይወሰን መብላት ተጀመረ። አንዲት አሮጊት እሾሁን ከአፋቸው እያወጡ፣ እባብ እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ እስከ ዛሬ ተሞኝተናል አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ስንጠብስ ሰነበትን። በአራተኛው ቀን ኩሬው ውስጥ የቀሩት ዓሦች ማለክለካቸውን ትተው ወደ ታች ወርደው ነበር።

ያን ዕለት ኦቦ ጃራ ዓሣቸው እንደተረፈ አይተው፣ ቀለል ብሏቸው ለቅሶ ቤት ሄዱና ከኦቦ ገርባ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። «ዋቀዮ ሲ ሃ ጃጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናህ» ብለው አጽናኗቸው። ኦቦ ገርባ መሬት መሬቱን እያዩ፣ በዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ለኦቦ ጃራ ተናገሩ።

«ሐሙስ ጠዋት ዶማ ይዞ ሲወጣ አገኘሁት። የአንተን አጥር ሊነቅል ነበር። ተው፣ ብንኳረፍም የጎረቤት ንብረት አይነካም አልኩት። መውጣትህ ካልቀረ ከጓደኞችህ ጋር አስፋልቱ ላይ ውጣ አልኩት።»



«እሺ አባባ ብሎኝ ዶማውን አስቀመጠ» አሉ ኦቦ ገርባ። «ታዛዥ ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ጃራ አጥሩን ነቀሉት። ላግዛቸው ብል ከለከሉኝ። ሽቦውን ጠቅልለው፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በትከሻቸው ተሸክመው ጓሮ ከመሩ። ስለ ዳርቻው መረገጥ ባነሳባቸው «ይረገጥ» አሉኝ። ላሞቹ ግን የዚያን ቀን አልመጡም። በነጋታውም አልመጡም። በለቅሶው ሰሞን ጎረቤት በባልዲ ሲያጠጣቸው ነበር፤ አሁን ግን የኦቦ ገርባ በረት እንደተዘጋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጃራ ተነስተው ኦቦ ገርባ ደጅ ሄደው ቆሙ። ከበረቱ የላሞቹ ጩኸት ይሰማል።

«ላሞቹን ላጠጣልህ ነው የመጣሁት» አሉ።

ኦቦ ገርባ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «የሚያጠጣቸው እኮ ዲሪባ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ጃራ፣ ሄደውም በረቱን ከፈቱ።