ያልተጠየቀ ዋስ

ባለፈው ሰኞ ለጎረቤቴ ልጅ ለሜሮን ዋስ እንደምሆናት ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ትሠራበት የነበረው ሆቴል ሠራተኛ ቀንሶ ካሰናበታት ወዲህ ስንት ቦታ ተፈትና፣ አሁን ገና አንድ መደብር ለገንዘብ ያዥነት ተቀብሏታል፤ የቀራት ዋስ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ቀራንዮ የራሴ ሱቅ አለኝ፣ ንግድ ፈቃዴ ለዋስትና ይበቃል። ልጅቷ ግን አመሰገነችኝና ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። ማታ እናቷ ያላገባው ልጄ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሚስቴን በዘወርዋራ ጠየቀቻት። ገባኝ። ለልጄ ላጫት መስሏቸዋል!

አልፈረድኩባቸውም። እኔ ራሴ ሰው በነጻ ሲስቅልኝ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ፤ ወጣት ሳለሁማ ይብስብኝ ነበር።

ከሳሙና ፋብሪካ በቅነሳ የወጣሁ ጊዜ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ክረምት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ከቤት እወጣለሁ። የታክሲ ላለማውጣት ከቀራንዮ እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ ነው። ጭቃውን በቦቲ አልፍና አስፋልት ስደርስ ቦቲዬን አንድ ሊስትሮ ዘንድ አስቀምጬ ጫማ እቀይራለሁ። ከዚያ በየምሰሶው የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ አነባለሁ። ወረቀቱ በዝናብ ርሷል፣ ከጎን የበቆሎ ጥብስ ይሸታል፣ ሆዴ ይጮኻል። አጠገቤ ቆሞ የሚያነበው ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኝ ነበር። ደግሞም አንዱ የስልክ ቁጥሩን ቀዶ ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደውል ነው እንግዲህ። ቀትር ላይ ቤት እመለስና ሬድዮ ከፍቼ እተክዛለሁ። ተስፋ የቆረጥኩባቸው ቀናት ነበሩ፣ ምን ልዋሽ። ግን ጠዋት አልጋ ውስጥ ከቆየሁ አባቴ ሳል ያበዛል። ያንን ሳል ፈርቼ ነበር የምነሳው።

በመጨረሻ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ፈትኖኝ ለዕቃ ግምጃ ቤት ወሰደኝ። ደስታዬ ግን አላደረም። እስከ ዓርብ ደመወዝ ያለው ዋስ ካላመጣሁ ተጠባባቂውን እንደሚጠሩ ነገሩኝ። ንብረት ለሚረከብ ሰው ዋስ መሆን ደግሞ ማን ይወዳል? ዕቃ ቢጎድል ከደመወዙ የሚቆረጥበት ዋሱ ነው። አጎቴ ለሌላ ሰው ፈርሜያለሁ አለኝ። የክርስትና አባቴ ከፆም በኋላ እንነጋገር አሉኝ። ጓደኛዬ እቤት ቁጭ ብሎ የለም አስባለ፤ ሳቁ ግን እስከ ደጅ ይሰማኛል።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። መምህር አያሌው ነበሩ፣ በአጥር የምንጎራበታቸው። በዚያው አጥር የተነሳ ከአባቴ ጋር ተካሰው፣ ክሱ ቢያልቅም ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። የክረምት ትምህርትም ስለሚያስተምሩ ጠዋት ጠመኔ የነካው ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ፣ ቀና ብለውም አያዩን። እሳቸው ናቸው እንግዲህ ደጃፋችን ቆመው፣ ዋስ ማጣቴን ሰምተው ከትምህርት ቤታቸው የደመወዝ ማስረጃ እንዳጻፉልኝ የነገሩኝ።

እናቴ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ሰውየው ከፈረሙልኝ በኋላ አባቴ ስለ አጥሩ በምን አፉ ይናገራል? ይሄ ለድንበሩ የታሰበ ነው አለች። እኔም አመንኳት። ብቀበል የአባቴን መሬት ልሸጥበት ነው፣ እምቢ ብል ነገ ሥራው የተጠባባቂው ነው።

ተመልሼ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ፈልገው ነው?»

ትንሽ አሰቡ።

«ሬድዮህ» አሉኝ። «ቀን ቀን እየከፈትክ እረፍት ነሳኸኝ። ሥራ ግባና ልገላገል።»

እንዴት እንደቀለለኝ! ለደግነት ነው ቢሉኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ለራስ ማሰብን ግን አውቀዋለሁ። እናቴም «እንዲህ አይሉም ታዲያ» ብላ ወንበር አቀረበችላቸው። በማግስቱ አብረን ሄድን። ፈርመውልኝ ወደ ማስተማራቸው ሄዱ።

ሥራ ከገባሁ በኋላ አንድ ጠዋት ቦምቦሊኖ በሻይ እየበላሁ ድንገት ነገሩ መጣብኝ። ሰውየው እኮ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ናቸው! ሬድዮዬን በየት ሰሙት? ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ማታ ሄጄ ልጠይቃቸው ተነሳሁና በራቸው ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ስለ አጥሩ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አላነሱም። እኔ ግን ዛሬ ያነሱት ይሆን እያልኩ ዓመታት ጠብቄያለሁ። አመል ነው።

ሥራ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው በር ሲዘጋበት ስለሚለምድ ሲከፈትለት ወጥመድ ይመስለዋል። ስለዚህ ትናንት ሜሮንን ጠራኋትና ፊቴን ቋጠርኩ።

«ስሚ፣ ቀን ቀን በረንዳ ላይ በስልክ ስታወሪ የምሳ ሰዓት እንቅልፌን አሳጣሽኝ። ሥራ ግቢልኝ!»

መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች።

«እንደሱ ይበሉኛ ጋሼ» ብላ የዋስትናውን ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ነገ አብረን እንሄዳለን።

እኔ እንደሆነ ሱቄን ጠዋት ከፍቼ ሲመሽ ነው የምዘጋው፤ የቀን እንቅልፍ ከየት አመጣለሁ? ለጊዜው አልገባትም። ይገባታል፣ አንድ ጠዋት ሻይ ስትጠጣ።