የትኛው ወር?

አጎቴን አያ እንላቸው ነበር። በደርግ ጊዜ የመተማን ሙቀት በየቀኑ የሚመዘግቡት እሳቸው ነበሩ። ጎንደር ሲመጡ ሰው "መተማ እንዴት ነው?" ካላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "የትኛው ወር?"

አንድ ካድሬ ግን ወር አልጠየቀም። መተማ ላይ ደገኛ ገበሬ ሊያሰፍር ፈልጎ የዓመቱን አማካይ ሙቀት ብቻ ከመዝገባቸው ገለበጠ።

"ጓድ፣ ሚያዝያንም ጻፉ እንጂ! ደገኛ አይችለውም" አሉት።

"አማካዩ ደህና ነው" ብሎ ሳቀ። ሰፋሪ እንዲያስተባብሩ እሳቸውንም ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ አዋላቸው። ሐሩሩ ጣላቸው፤ አልተነሡም።

ለቅሶው ላይ ካድሬው መጣ። ባዶ መደባቸው ላይ ተዘርፍጦ "መተማ እኮ ያን ያህል አይከፋም፤ ምን አገኛቸው?" አለኝ።

"የትኛው ወር?" አልሁት።

አያ የሞቱት በአማካይ አይደለም፤ በሚያዝያ ነው።