ፋሪሃ ያየችውን ተናገረች

«ልጅ ውለጂ አልኩሽ እንጂ መርማሪ ፖሊስ ውለጂ አልኩሽ?»

እማማ ዘነቡ ከከሚሴ ይጮኻሉ። ስልኩ ላውድ ላይ ስለሆነ ሎጊያ ያለው ግቢ ሁሉ ይሰማቸዋል። ልጃቸው ሰዓዳ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ታገላብጣለች።

«እንዴት አደርሽ አልኳት። ደህና ማለት ምን ያቅታል? ምንድነው ይሄ የምትለፈልፍብኝ?»

«እማዬ፣ እየጠየቀችሽ ነው።»

«ምን ብላ?»

«ከየት መጣሽ፣ መንገድ ላይ ማንን አገኘሽ፣ ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ ነው የምትልሽ። በአፋርኛ ነው። እዚህ አገር ሰላምታው እንደዚያ ነው።»

«እኔ ከየትም አልመጣሁም! ቤቴ ነኝ!»

ሰዓዳ ይህንኑ ለፋሪሃ ነገረቻት። ፋሪሃ ሦስት ዓመቷ ነው። በጥሞና ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«አሁን ደግሞ ምን አለች?»

«ቤትሽ ከሆንሽ ፍየሎቹስ እንዴት ናቸው አለች።»

እማማ ዘነቡ ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘጉት አሉ ጎረቤቶቹ፤ እነሱም አብረው ሲያዳምጡ ነበርና።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ሰዓዳ በኦሮምኛ አፏን የፈታች የከሚሴ ልጅ ናት። ባሏ ከድሩ ስልጤ ነው፤ አስፋልት ዳር የጅቡቲ መኪና ጎማ ይለጥፋል። የተዋወቁትም፣ የተጋቡትም፣ የሚጣሉትም በአማርኛ ነው። ፋሪሃ ስትወለድ ከሁለቱም ወገን አንድ ዘመድ አጠገባቸው አልነበረም። ስለዚህ ተመካከሩ። ሰዓዳ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ ታወራታለች፣ ከድሩ ማታ ማታ በስልጥኛ ያወራታል፣ አማርኛውን ከሁለቱ ጭቅጭቅ ትለቅመዋለች። ጥሩ እቅድ ነበር። ግን ሰዓዳ ልጅቷ ሳትነቃ የሹፌሮች ምግብ ቤት ሽንኩርት ልትከትፍ ትወጣለች፤ ከድሩም ማታ ገብቶ አንድ ቃል ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። በዚህ የተነሳ ፋሪሃ ከእናቷ ቋንቋ የያዘችው ቻው ማለትን ነው፤ ከአባቷ ቋንቋ የያዘችው ማንኮራፋትን።

ቀኑን ሙሉ የምትውለው ግድግዳ የምትጋራቸው መዲና ዘንድ ነው። መዲና አፋር ናት። ወተት አጠጣቻት፣ ቋንቋ ሰጠቻት፣ ዳጉም አስተማረቻት። ዳጉ ወሬ መቀባበል ነው፤ ግን የእኛ ዓይነት ወሬ አይደለም። ሰው ከሰው ሲገናኝ እጅ ይያያዛል፣ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። ያየኸውን አየሁ ትላለህ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ። መጨመርም መቀነስም የለም። አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ጆሮ የሚሰጠው አያገኝም። አዋሽ ላይ ያነጠሰ ሰው ሰመራ ላይ «ይማርህ» የሚባለው በዚህ ነው።

ፋሪሃ ይሄን ነገር ወደደችው። አባቷ የሱብሂ ሰላት እንዳመለጠው የመስጊዱ ኢማም የሰሙት ከእሷ ነው።

ስልኩ በተዘጋ በሳምንቱ እማማ ዘነቡ ጃንጥላቸውን ይዘው ሎጊያ ወረዱ። ልጅቷን ሊወስዱ።

«የሰው ቋንቋ እስክትይዝ እኔ ጋ ትደግ።»

«እማዬ፣ ሰመራ ኬጂ ላስገባት ነው እኮ። እዚያ ይስተካከልላታል።»

«እስከዚያ እኔ ሞቼ እቀበራለሁ።»

«መቼ ትመልሺያታለሽ?»

«ስትናገር።»

«እየተናገረች ነው እኮ።»

«ለኔ ስትናገር!»

የመጀመሪያ የልጅ ልጅ አያት ጋ ማደጉ እነሱ ቤት አዲስ አይደለም፤ እሷ ራሷ ያደገችው በአያቷ እጅ ነው። እምቢ ማለት እናቷን «ልጅ ማሳደግ አትችይም» ማለት ይሆናል። ከድሩን ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደችው።

«አንድ ነገር በል እንጂ።»

«እናትሽ ናቸው። ምን ልበል?»

«እምቢ በል።»

«አንቺ እምቢ በይ።»

ሁለቱም አላሉም። ገብተው እራት በሉ።

በማግስቱ ጠዋት መዲና ልትሰናበት መጣች። እማማ ዘነቡ ፊት ቁጢጥ አለች፣ እጃቸውን ያዘች፣ ከየት መጣሽ ብላ ዳጉዋን ጀመረች። እማማ ዘነቡ «አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብለው እጃቸውን ነጥቀው ተነሱ። መዲና ባዶ እጇን አየች። ሰዓዳ ከጓዳው ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ምግብ ቤት ቢሆን በሽንኩርቱ ታሳብብ ነበር፤ እዚህ ሽንኩርት የለም። ፋሪሃ ልትሳም መጥታ አየቻት። ቆማ አየቻት፣ ከዚያ አያቷ ጠርተዋት ሄደች።

ሰዓዳ ሥራዋ ገባች። ቢላዋው የት እንደሚያርፍ እንኳ አታይም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መዲና ኩሽናው በር ላይ ደረሰች።

«ልጅሽን የሰረቀች አሮጊት ሚሌ ኬላ ላይ ተይዛለች።»

«ምን? እናቴ እኮ ናት!»

«እናትሽ መሆኗን እኔ አውቃለሁ። ዜናው ግን እንደዚያ አይልም።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

መዲና የኬላው ሰዎች ደውለው ሲጠይቋት የነገሯትን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ አቀበለቻት። አውቶቡሱ ላይ አንድ አዛውንት አፋር ከጎናቸው ተቀመጡ። አሮጊቷን ሰላም አሉ፣ ፊቷን አዞረች። ልጅቷን ሰላም አሉ፤ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ዳጉ ሰጠቻቸው። «ቤት ነበርኩ። ይቺ ሴት መጣች። ማን እንደሆነች ብጠይቃት አልመለሰችልኝም። እናቴ ከጓዳ ጀርባ ስታለቅስ አየሁ። አሁን ይዛኝ እየሄደች ነው።» አዛውንቱ ኬላው ላይ አውቶቡሱን አስቆሙ።

«እና አንቺ ሲጠይቁሽ እናቷ ናት አላልሽም?»

«ምን አየሽ ነው ያሉኝ። ወሰደች፣ እናቷ አለቀሰች አልኩ። ማን ናት ያለኝ የለም» አለች መዲና። ዓይኗን አልሰበረችም።

ሰዓዳ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ከድሩ ሮጠች። ከድሩ ጎማውን ገና ያሰረለትን የተሳቢ ሹፌር ለመነላት። «አንተስ?» አለችው ጋቢና ላይ ሆና። «እኔ ብመጣ ምን እጨምራለሁ?» አለ፤ እውነቱን ነው።

ሚሌ ስትደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ከኬላው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ዳስ ሥር እማማ ዘነቡ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጃንጥላቸውን እንደ ጠመንጃ ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ፋሪሃ አዛውንቱ አጠገብ ሆና ወተት በብርጭቆ ትጠጣለች።

«መጣች! ጠይቋት! ሌባ ነኝ?» አሉ እማማ ዘነቡ። «ንገሪያቸው እንጂ!»

አዛውንቱ አማርኛ ይችላሉ፤ አንቱታውን ብቻ ነው ያልወሰዱት። «አንቺ፣ የልጅቷ እናት ነሽ?»

«አዎ።»

«ይቺስ ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

«እሺ። ልጅሽን ሰጥተሻት ነው፣ ወስዳብሽ?»

ኬላ ጠባቂው ሻዩን ማማሰል ተወ። አልሰጠሁም ብትል ልጇ በእጇ ናት፤ እናቷ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ሆነው ይቀራሉ፤ ወሬውም ቀድሟቸው ባቲን ያልፋል። ሰጥቻለሁ ብትል ልጇ ሄደች። ሰዓዳ ሦስተኛ መልስ ፈለገች። መሬቱን አየች፣ ጣሪያውን አየች፤ የለም።

«ሰጥቻታለሁ» አለች።

ፋሪሃ ብርጭቆውን ከአፏ አወረደች። አማርኛ ትሰማለች። ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረችና አዲሱን ዜና በአፋርኛ አቀበለች። እናቴ ሰጥታኛለች። ከዚያ ወተቷን ቀጠለች።

ሰዓዳ ከሰላምታው ወዲያ አፋርኛ ብዙ አይገባትም። ይሄ ግን ገባት። ወንበር ፈለገች፤ ስላላገኘች መሬት ተቀመጠች።

«አለቀ» አሉ አዛውንቱ ለእማማ ዘነቡ። «ሌባ አይደለሽም። ግን ልጅቷ ጠይቃሻለች፣ እኔም ጠይቄሻለሁ። ሰው ሳይመልስ እንዴት ያልፋል? ዳጉሽን ስጪ።»

«ምን ልበል?»

«ከየት መጣሽ? ምን አየሽ?»

እማማ ዘነቡ ዙሪያቸውን አዩ። የሚሄዱበት መኪና የለም።

«ከከሚሴ መጣሁ» አሉ በቁጣ። «ባቲ ላይ ገበያ ነበር፤ ግመል በዝቶ አየሁ።»

«እሺ።»

«ሎጊያ ገባሁ። ሙቀቱን አየሁ። የልጄን ቤት አየሁ፣ ጠባብ ነው። ልጄ ከስታለች።»

«እሺ።»

«ጠዋት ወጣን።»

«ስትወጪስ ምን አየሽ?»

እማማ ዘነቡ የጃንጥላውን እጀታ አሹት። «ልጄ ከጓዳ ጀርባ ስታለቅስ አየሁ።»

«አየሽ?»

«አየሁ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።»

አዛውንቱ «እሺ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ፋሪሃ ግን ጠጋ ብላ የአያቷን ጣት ያዘችና የቀራትን ጥያቄ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ፍየሎቹስ እንዴት ናቸው አለችሽ» አለች ሰዓዳ።

«ፍየል የለኝም» አሉ ለልጅቷ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንዲት በግ አለችኝ። ደህና ናት።»

አዛውንቱ በአፋርኛ ደገሙላት። ፋሪሃ ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አይሱዙ ኬላው ላይ ጥሩንባ ነፋ። እማማ ዘነቡ ተነሱ፣ መቀነታቸውን ፈቱ፣ ሻይ ሻጩን ጠሩት።

«የኔን ሻይ ሂሳብ ውሰድ። የእሳቸውንም። የዚህን የኬላውንም ውሰድ።»

«ወተቱስ፣ እማማ?»

«የወተቱን እናቷ ትክፈል።»

ይህን ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ወደ አይሱዙው ሄዱ፣ ጋቢና ወጡ። ወደ ኋላ አላዩም። ሰዓዳ «እማዬ!» አለች። ልጅቷን መለሱልኝ ማለት ነው፣ ወይስ ዝርዝር አልቆባቸው ነው? የምትጠይቀው ሰው ሳታገኝ መኪናው ኬላውን አለፈ።

ሻይ ሻጩ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሰዓዳ የሽርጧን ኪስ ፈተሸች። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አገኘች፤ ሌላ የለም። ቦርሳዋ ሎጊያ ነው።

ፋሪሃ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ እናቷን አየች፣ ነጭ ሽንኩርቱን አየች፣ የሻይ ሻጩን እጅ አየች። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞራ ተቀመጠችና ያየችውን መናገር ጀመረች።