ያልተቀባው ሹራብ

የዘይት ቀለም ሽታ የትም ቢያጋጥመኝ፣ አዲስ በር የሚቀባ ቤት አጠገብ ሳልፍ እንኳ፣ ልጅ ሆኜ ሥዕል ወደተማርኩበት አዳራሽ ይመልሰኛል፤ ከዚያ ወዲያው እናደዳለሁ።

ክረምት ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አሰላ ውስጥ በቀበሌያችን አዳራሽ ለከተማው ልጆች በነጻ ሥዕል ይሰጥ ነበር። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው ወጣቱ መምህር ስንሻው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁ አልሰማ ሲል፣ እጃችንን ይዞ ብሩሽ ያስጨብጠን ነበር። ቀለሙ የተለገሰ ነበር፤ የሚቀመጠው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው፤ ቁልፉ ደግሞ የቀበሌው ንብረት ክፍል ሠራተኛ በሆነችው በእናቴ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር።

እኔ የጀመርኩት የእሷን ምስል ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ወላጆች ሥራችንን ሊያዩ ስለሚጠሩ፣ ያን ቀን ላስደንቃት ፈልጌ ፊቷን በስንት ልፋት ጨርሼ፣ ሁልጊዜ የምትለብሰው ቀይ ሹራብ ብቻ ሲቀረኝ ቀዩ ቀለም አለቀ። ሌላ ጣሳ እንዲወጣ የቀበሌው ኃላፊ የንብረት ማውጫ ቅጹ ላይ መፈረም ነበረባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዛሬ ሳጉሬ፣ ነገ ጢቾ፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

መምህር ስንሻው ቢሮዋ ድረስ ሄዶ «ወይዘሮ አስቴር፣ አንድ ጣሳ ብቻ ይስጡን፣ እኔ እፈርማለሁ» ቢላት፣ «እርስዎ ነገ ይቀየራሉ መምህር፤ ከንብረቱ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ» ብላ መለሰችው። ምሳ ላይ ተራዬን ለመንኳት።

«እማ፣ ሥዕሉ እኮ ያንቺ ነው።»

«የኔ ስለሆነማ ነው የማልሰጥሽ። ለልጇ አወጣች ልባል?» አለችና ወጥ ጨመረችልኝ።

መስከረም ሲጠባ ወላጆች መጡ። እናቴ ያንኑ ቀይ ሹራብ ለብሳ ሥዕሉ ፊት ቆመች፤ ከአንገቷ በታች ባዶ ሸራ ነበር። ጠጋ ብላ አየችውና «ሹራቡስ?» አለችኝ። ኃላፊው የፈረሙት በጥቅምት፣ አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ነው። በዓመቱ ጣሳዎቹን ስንከፍት ቀለሙ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ መምህር ስንሻውም ተቀይሮ ሄዷል።

ዛሬ በዚያው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የማስተምረው እኔ ነኝ። ቀለሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው ልጆቹ ማንንም ሳያስፈርሙ ያነሳሉ። ቀይም ሞልቶኛል፤ ሹራቡን በግማሽ ሰዓት እጨርሰው ነበር፣ ግን እልህ ይዞኝ እስካሁን አልነካሁትም። እናቴ ጡረታ ወጥታ ሥዕሉን ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር በኩራት ታሳየውና፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ «ልጄ እጇ ወርቅ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ የጀመረችውን መጨረስ አትወድም» ትላለች።