አያ ውባንተና ጊደር የሚያወጣው ኮርማ

ደብረ ታቦር ኮርማ ያለው ሰው ሞልቷል፤ በኮርማው እንደ አያ ውባንተ አፉን ሞልቶ የሚያወራ ግን የለም። ቤቱ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ጠዋት ሞተሬን ሳላስነሳ የሱ ሞተር ይነሳል። ላሙን እየነዳ የመጣውን ገበሬ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቀውና፣ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ስማ ወዳጄ! የኔ ዳልቻ እንደ ሰው ኮርማ እንዳይመስልህ። ጊደር ነው የሚያወጣ! ላሚቱ ምን ታረግ? እሷ ቤት ናት፤ እንግዳውን የሚልክ እሱ!» ይለዋል።

ገበሬውም ወተት ያማረው ነውና የኮርማውን ዋጋ ድርቆሽ ተሸክሞ ይመጣል። ወንድ ጥጃ ተወልዶበት ሊያማርር የመጣውን ደግሞ፣ «ላምህን ጠይቃት፣ ሌላ ቤት ሄዳ ይሆናል» ብሎ ይሸኘዋል።

ታዲያ ይሄ ሰው አራት ሴት ልጆች አሉት። አይወዳቸውም እንዳትሉኝ፤ ትንሿን ጫንቃው ላይ አስቀምጦ ነው ገበያ የሚወጣ። ግን እናቱ እትዬ አሰለፈች «አጥር የሚያጥርልህ ወንድ ሳላይ ልሞት ነው» እያሉ ጆሮውን ሲበሉት ከረሙ። ሚስቱ መሠረት አምስተኛውን ስታረግዝ በሰው ፊት ተናገራት፦

«ይችም ሴት ከሆነች እብናት አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ!»

መሠረትም ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ከበሩ ኋላ አስቀመጠች። ውሃ ላደርስላት ስገባ አየሁት፤ ሳቄ እዚያው ደረቀ።

የእርግዝና ክትትል ቀኗ ደርሶ ጤና ጣቢያ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። ሁለቱንም በባጃጄ ወሰድኳቸው። ወረፋ ስንጠብቅ ኤሌኒ የምትባል ነርስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል እያሳየች ታስተምር ነበር።

«ከማህፀን ግራና ቀኝ እንቁላል የሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። በየወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ትለቀቅና በዚህች ቀጭን ቱቦ ትገባለች። ማህፀኑም ለእንግዳ ምንጣፍ ያነጥፋል። እንግዳ ካልመጣ ምንጣፉ ይፈርስና በደም ይወጣል፤ የወር አበባ የምንለው እሱ ነው።»

«የወንዱስ?» አለች አንዷ ነፍሰ ጡር። ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«የወንዱ ዘር ቆለጥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሙቀት አይወድም፤ ለዚያ ነው ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው።»

«ታዲያ በደብረ ታቦር ብርድ ስንቱ ይመረት ይሆን!» አልኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አያ ውባንተ ብቻ አልሳቀም።

«ወንዱ የሚልከው ዘር በሚሊዮን ነው» አለች ኤሌኒ፤ «ቱቦዋ ውስጥ ካለችው እንቁላል የሚገባው ግን አንዱ ነው። እንቁላሏ ሁሌም አንድ ዓይነት ናት። የወንዱ ዘር ግን ሁለት ዓይነት ነው፦ ግማሹ ሴት ያመጣል፣ ግማሹ ወንድ። ሴት የሚያመጣው ከገባ ሴት ትወለዳለች።»

አያ ውባንተ ብድግ አለ። «እንዴት ነው ነገሩ? ሴቲቱ ናታ የምትወልድ!»

«መውለዱንማ እሷ ትወልዳለች። ሴት ወይም ወንድ የሚያደርገው ግን ከእርስዎ የሄደው ነው። ቢሆንም መርጠው አይልኩም፤ ማንም አይመርጥም።»

ስንመለስ ባጃጇ ውስጥ አላስቻለኝም። እህህ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና በአያ ውባንተ በራሱ ድምፅ፣ «ስማ ወዳጄ! ላሚቱ ምን ታረግ? እሷ ቤት ናት፤ እንግዳውን የሚልክ እሱ!» አልኩ።

መሠረት ሆዷን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። እሱ ግን፣

«አቁም! አቁም ይሄን ቆርቆሮ!» ብሎ ወረደና በእግሩ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ገበሬ ላሙን ይዞ መጣ። አያ ውባንተ አጥሩን ተደግፎ፣ «ስማ ወዳጄ! የኔ ዳልቻ…» ብሎ ዞር ሲል መሠረት በሩ ላይ ቆማለች። የቀረውን ዋጠው።

«ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል» አለ ቀስ ብሎ። «ላኪው እሱ ነው፤ ግን አይመርጥም።»

ገበሬው ግራ ገብቶት ላሙን አየ። መሠረት ግን ቋጠሮዋን አልፈታችም። የጤና ጣቢያ ትምህርት ሰውን አንድ ቀን ይለውጠው ይሆናል፤ እትዬ አሰለፈች ደግሞ በየቀኑ አሉ።

መውለጃዋ ደረሰና ጤና ጣቢያ ገባች። ተገላገለች። ሴቶቹ በር ላይ እልል አሉ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቆመ። ለወንድ ሰባት እልልታ፣ ለሴት ሦስት ነው የአገሩ ልማድ። ሁላችንም ገባን።

ያኔ አያ ውባንተ ከውጭ ብቅ አለ፤ ብብቱ ሥር ያ ቋጠሮ። መሠረት አይታው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምነው ሦስት ላይ አቆማችሁ?» አለ።

«ሴት እኮ ናት ልጄ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«ሰምቻለሁ እማዬ! የላኳት እኔ ነኝ። እሷ ምን ታረግ?»

ቋጠሮውን ፈታ፤ ልብሱን አልጋው ላይ ደፋና በነጠላው ልጅቷን ጠቀለላት። ሴቶቹ እየሳቁ ከአራተኛው ጀመሩ። ሰባተኛዋን እልልታ ያወጡት እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ ድምፃቸው ስንጥቅ ብሎ፣ እንደ አሮጊት በግ።