ጀልባዋን ዝም ያሰኘ ሰው

አዘዞ ላይ፣ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት አለፍ ብሎ፣ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ የእኔ ነው፤ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። ሌላው የላቀው ነው። ላቀው የመኪና ማርሚታ ይሠራል። ሥራው ባጭሩ የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት ነው። እሱ ራሱ ግን ዝም ማለት አያውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ሲሆን፣ ሳይቀልድ የዋለባቸው ቀኖች ቢኖሩ ዘንድሮ የመጡት ብቻ ናቸው።

የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። አባቱ እርሻውን ይረከበኛል ብለው ነበር። እሱ ግን ከሞፈሩ ይልቅ ጆሮው የሚሄደው ወደ መንገዱ ነበር አሉ፤ የደባርቅ አውቶቡስ ሳይታይ በድምፁ ብቻ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ይናገር ነበር። ጎንደር መጥቶ ብየዳ ተማረና በዚያው ቀረ። ዛሬም መኪና ከመታጠፊያው ሳይደርስ «የዚህ ሁለተኛው ፒስተን ታሟል» ይላል፤ አይሳሳትም። ባጃጅ ነጂ ጎረምሶች ማርሚታውን ብሳልን፣ ይጩህልን ብለው ሲመጡ ግን ያባርራቸዋል። «ጩኸት ካማራችሁ ገበያ መሃል ቁሙና ራሳችሁ ጩኹ!» ይላቸዋል።

ባለፈው ጥቅምት አስናቀው የሚባል ሰው መጣ። ጎርጎራ ወደብ ላይ እንግዳ የሚያመላልስበት ፈጣን የሞተር ጀልባ አለው። ባለ ሁለት ሞተር ናት፤ ጩኸቷ ልክ የለውም። ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው ደሴት ያሉ የገዳም አባቶች «ቅዳሴ አወካችሁብን፤ ወይ ድምፅዋን ቀንሱ፣ ወይ በዚህ አትለፉ» ብለው ልከውበታል። በደሴቱ ካላለፈ ደግሞ እንግዳውን ምን ሊያሳየው ነው? ጠጋኝ ሁሉ የመኪና እንጂ የጀልባ አናውቅም ሲለው፣ ሰው ላቀውን ጠቆመው።

ላቀውም የጀልባ ሠርቶ አያውቅም። ግን የገዳም ነገር ሆነበት። «ለገዳሙ ከሆነ የእጄን ዋጋ አልቀበልም፤ ብረቱን ብቻ ግዛ» አለ። እኔንም ዓሣ እጋብዝሃለሁ ስላለኝ ሱቄን ዘግቼ ተከተልሁት።

አንድ ሳምንት ለፋ። የጀልባዋ ጭስ ከኋላዋ፣ ከውሃው በላይ ነበር በቀጥታ የሚወጣው። ላቀው ሁለት የላሜራ ሣጥን በየደ፤ ጭሱ ውስጣቸው እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ከፋፈላቸው። ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚወጣው የሐይቅ ውሃ ከጭሱ ጋር እንዲቀላቀል መንገድ አበጀለት። በመጨረሻም ቱቦዎቹን ወደ ታች አጉብጦ አፋቸውን ውሃው ውስጥ ነከረው። «ሞተሩ ይታፈናል» ያሉት ነበሩ። አልታፈነም፤ የቱቦውን ስፋት አስቦበታል። ነጂው ደሴቱ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት ቢቀንስስ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

በሙከራው ዕለት ጀልባዋ ደሴቱን ዞራ ስትመለስ ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሲገልጠው ጀልባዋ ፊቱ ናት። ሰው አጨበጨበ። ከገዳሙ የመጡት መነኩሴ «እጅህን ይባርከው» አሉት። ወዳጄ ደረቱ ሲነፋ አየሁ።

ያላጨበጨበች ዓሣ ሻጯ ወለላ ብቻ ናት። «አያ ላቀው፣ ሥራህስ ሸጋ ነው፤ ታንኳ ቀዛፊው በምን ሊያውቃት ነው?» አለችው። ጠይቃም አልቀረች፣ አስረዳችው። ከሐይቁ ማዶ እንጨት የሚያመጡት የደንገል ታንኳዎች ጭነቱን ከቀዛፊው ጀርባ ይከምራሉ። ዘወር ቢል ከክምሩ በቀር አይታየውም፤ የኋላውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሞተር ሲሰማ ዳር ይይዝና የታንኳውን አፍ ወደ ማዕበሉ ያዞራል። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ ሐይቁ ላይ ግን ሕግ ነው።

ላቀው ምን አላት? «ምን ላድርጋት ታዲያ፣ ላም አይደለችም ቃጭል እንዳስርላት!» ሰው ሁሉ ሳቀ። አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ወለላ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ዓሣዋ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያኔ ግን ወለምታ መሆኑንም አላወቅነውም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሐይቁ ጉም ለብሶ ሳለ፣ አያ መለሰ የሚባሉ አዛውንት ከማዶ እንጨት ጭነው ሲመጡ ጀልባዋ ከኋላ ገጨቻቸው። ታንኳቸው ተበጣጠሰ፤ ቀኝ እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ነጂው ራሱ ውሃ ውስጥ ዘሎ አወጣቸው። ጀልባዋ በዚያው ቀን፣ ነገሩ በሽማግሌ እስኪታይ፣ ወደቡ ላይ ታሰረች፤ እሳቸውም ጎንደር መጥተው ሆስፒታል ተኙ። የማዶ ሰው የጀልባዋ ድምፅ መጥፋቱን ገና አልሰማም ነበር።

በነጋታው ላቀውና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን። ልጃቸው የትነበርሽ ጆሯቸው ሥር ተጠግታ እየጮኸች ታወራቸዋለች።

«ምነው ትጮኺያለሽ?» አላት ላቀው።

«አባቴን ጆሮው ከዳው» አለችው።

አያ መለሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሞተር ገና ከደሴቱ ወዲያ ሲነሳ ነው የምሰማው። ያን ዕለት ምንም አልሰማሁ። የቅርቡን እሰማለሁ፤ የሩቁ ሄዷል። ያ የጀልባው ልጅ ምን አጠፋ? ደንቆሮ ሰው ሐይቅ ላይ ምን ይሠራል?» አሉ።

ላቀው አፉን ከፈተ። አይቼዋለሁ። ከዚያ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ ያዝሁት። «ንገራቸው እንጂ!» አልሁት። «ነገ» አለኝ። ነገም ሄደ፤ አልነገራቸውም። በሃያ ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። ሚስቱ ፀደንያ «እህል አልቀምስ አለኝ፤ ምን አግኝቶት ነው?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ብየዳውን አጥፍቶ፣ «እግር የሰበርሁ መስሎኝ ነበር፤ እኔ እኮ ጆሯቸውን ነው የወሰድሁባቸው» አለኝ። ተናደድሁበት። ፈሪ አልሁት። ግን የእኔስ አፍ የት ነበር? ሦስቱን ቀን አብሬው ሄጃለሁ። የእሱ ጉዳይ ነው እያልሁ አልጋው ግርጌ ቆሜ ተመልሻለሁ።

በሃያ አንደኛው ቀን የማዶ ሽማግሌዎች ወደቡ ላይ ተቀመጡ። አያ መለሰ እግራቸው በጀሶ ታስሮ ወንበር ላይ ናቸው። አስናቀው ማሳከሚያውን እችላለሁ አለ፤ ነጂው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ የጀልባዋን ድምፅ መጥፋት ግን ሁለቱም አላነሱም። ነገሩ ሊያልቅ ሲል ዋናው ሽማግሌ፣ «መለሰ፣ ጆሮህ እንዲህ ከሆነ አንተም ከእንግዲህ ታንኳ እንዳትይዝ» አሏቸው። የትነበርሽም ልክ ነው አለች። አያ መለሰ ሐይቁን አዩት። «ይሁን» አሉ። ያን ጊዜ የነበረውን ፊታቸውን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ላቀው ተነሳ።

«ሽማግሌዎች፣ ጆሯቸው ደህና ነው» አለ። «ጀልባዋን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ወለላ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ቀለድሁባት።»

ወለላ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር፤ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ መለሰ ግን አላመኑም። «ልታጽናናኝ ነው ልጄ፤ አትድከም» አሉት።

ላቀው የብሎን ቁልፉን ይዞ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ሁለቱን ሣጥን ፈትቶ አወጣና ጭሱ እንደ ድሮው ከውሃው በላይ እንዲወጣ አደረገ። ነጂውንም «ከደሴቱ ጀርባ ሂድ፤ ሞተር አጥፍተህ ትንሽ ቆይና አስነሳ» አለው። ጀልባዋ እየጮኸች ሄዳ ተሰወረች፤ ድምፅዋም ጠፋ።

ጠበቅን። እኔ የምሰማው ውሃው የወደቡን ድንጋይ ሲመታ ብቻ ነው። አያ መለሰ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ድንገት ጣታቸውን አነሱ።

«ተነሳች» አሉ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው። ላቀው ራሱ፣ ያ የፒስተን ሐኪም፣ ገና አልሰማም። «አሁን ወደ ግራ ዞረች» አሉ ቀጥለው። ጥቂት ቆይቶ ድምፅዋ ለሁላችንም ደረሰ፤ ጀልባዋም ከደሴቱ በስተግራ ብቅ አለች። የትነበርሽ እልል ብላ አባቷ ላይ ተጠመጠመች። «ቀስ በይ፣ እግሬን!» አሉ እየሳቁ፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር።

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ላቀው ከፊታቸው ተንበርክኳል።

«እግሬስ ይጠገናል» አሉት። «ጉም ነው፣ ሐይቅ ነው፤ ያለ ነገር ነው። አንተ ግን ስድስት ጊዜ መጣህ። ደንቆሮ ሆንሁ ብዬ ስቆዝም ትራሴን ታስተካክልልኝ ነበር። ምነው አንዴ እንኳ ሳትነግረኝ?»

«ፈርቼ ነው» አለ ላቀው።

አያ መለሰ «ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ ሽማግሌ ፊት ይቅር አልልም አይባልም። ላቀው እግራቸውን ሊስም ሲጎነብስ ግን አያዩትም ነበር። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«አንተስ?» አሉኝ። «አልጋዬ ግርጌ ትቆም የነበርኸው አንተ አይደለህ?»

ሄጄ ከላቀው ጎን ተንበረከክሁ።